ሰነዶቻችንን ለማን አደራ እንስጥ? ስለ ሳንቲም፣ ስለ ሒሳብና ስለ ጋራ ትውስታ

መስከረም 26 ቀን 2025 በደቡብ ኮሪያዋ ዴጆን ከተማ፣ በመንግሥት የመረጃ ማእከል ውስጥ ባሉ ባትሪዎች ላይ እሳት ተነሣ። እሳቱ ሲጠፋ፣ የመንግሥት ሠራተኞች የሥራ ሰነዶቻቸውን የሚያኖሩበት የጋራ ማከማቻ 858 ቴራባይት ከሚሆን ይዘቱ ጋር ዐመድ ሆኖ ተገኘ። በሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ አልነበረውም። ምክንያት ሆኖ የቀረበውም ማከማቻው ለመቅዳት እጅግ ትልቅ ነበር የሚል ነው። በዲጂታል አስተዳደር ለዓለም ምሳሌ ተደርጋ የምትጠቀሰው አገር ይህ ከደረሰባት፣ እኛስ መዛግብታችንን ምን ላይ አስቀምጠን ነው በሰላም የምንተኛው? (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰነድ የሚጠፋው በእሳት ብቻ አይደለም። ኩባንያ ሐሳቡን ሲለውጥም ይጠፋል። ያሁ በ2009 ጂኦሲቲስን ሲዘጋ፣ የመጀመሪያው የኢንተርኔት ትውልድ የጻፋቸው ሚሊዮን ገጾች አብረው ተዘግተዋል። ማይስፔስ ከ2003 እስከ 2015 ድረስ የተጫኑለትን ዘፈኖች ወደ አዲስ ሰርቨር ሲያዛውር ማጥፋቱን ያመነው በ2019 ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ሥልጣን ሲፈልግ የሚሆነው መጥፋት ነው። አፕል ዴይሊ የተባለው የሆንግ ኮንግ ጋዜጣ ሰኔ 2021 የመጨረሻ እትሙን ሲያወጣ፣ ድረ ገጹም የ26 ዓመት ሥራው ይዞት ከነበረው ቦታ ተነሥቷል። እኛም ለዚህ እንግዶች አይደለንም። በ2006 ብሎግስፖት በኢትዮጵያ ውስጥ እንዳይከፈት ሲታገድ፣ የዚያን ዘመን የአማርኛና የእንግሊዝኛ የፖለቲካ ጽሑፎች በአገር ቤት አንባቢ ዘንድ እንዳልተጻፉ ሆነው ነበር። ጸሐፊዎቹ ሲሰለቹ ወይም ሲሰደዱ ከገጾቹ ብዙዎቹ በዝምታ ከስመዋል።

እንግዲህ የክሪፕቶከረንሲ ወገኖች «መፍትሔው በእጃችን ነው» ይላሉ። ሰነዱን ለአንድ መንግሥት ወይም ለአንድ ኩባንያ አትስጡ፤ በዓለም ዙሪያ ለተበተኑ፣ እርስ በርስ ለማይተዋወቁ ሺህ አከማቺዎች ስጡ፤ ክፍያው በዲጂታል ሳንቲም ይሁን፤ ታማኝነታቸውንም ሰው ሳይሆን ሒሳብ ይቆጣጠር፤ ነው የሚሉት። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሐሳቡ እንደ ሌላው የክሪፕቶ ወሬ ተንቆ የሚጣል አይደለም። ሁለተኛ፣ እንዳለ ተቀብለን የጋራ ትውስታችንን ልናስረክበው አይገባም።

ነገሩ እንዴት ይሠራል?

በተለመደው ኢንተርኔት አንድ ሰነድ የሚታወቀው ባለበት ቦታ ነው፤ አድራሻው የሰርቨሩ አድራሻ ነው። ሰርቨሩ ከተዘጋ ወይም ባለቤቱ ሰነዱን ቀይሮ በቦታው ሌላ ካስቀመጠ፣ አንባቢው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ኋን ቤኔት በ2014 ባቋቋመው ፕሮቶኮል ላብስ በተባለ ድርጅት የተሠራውና በ2015 ለሕዝብ የቀረበው አይፒኤፍኤስ ይህን ገለበጠው። ሰነዱ የሚታወቀው በቦታው ሳይሆን ከይዘቱ በሒሳብ በሚወጣ አሻራ ነው። ከሰነዱ አንዲት ፊደል ብትለወጥ አሻራው ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ቅጂው ከማንም እጅ ቢገኝ፣ እውነተኛ መሆኑን አንባቢው ራሱ ያረጋግጣል። በ2017 ቱርክ ዊኪፔዲያን ስትዘጋ፣ የቱርክኛው ዊኪፔዲያ ቅጂ በዚሁ መንገድ ተሰራጭቶ ነበር። እገዳው እስከ ጥር 2020 ዘልቋል።

ነገር ግን አይፒኤፍኤስ ማንንም አያስገድድም። ሰነዱን በኮምፒዩተሩ ይዞ የሚቆይ ሰው ከሌለ አሻራው ባዶ ስም ይሆናል። ያለ ክፍያ ለማን ብሎ ነው ሰው የሌላውን ሰነድ ለዓመታት የሚጠብቀው? ፋይልኮይን የተፀነሰው ለዚህ ጥያቄ መልስ እንዲሆን ነው። በ2017 ገና ያልተሠራ ሳንቲም በቅድሚያ ሸጦ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ፤ ሥራ የጀመረው ጥቅምት 2020 ነው። አከማቺው መያዣ ያስይዛል። በየ24 ሰዓቱም ሰነዱ አሁንም በእጁ እንዳለ የሚያስረዳ የሒሳብ ማስረጃ ያቀርባል። ካላቀረበ ከመያዣው ይቆረጥበታል። በየመሥሪያ ቤቱ ምድር ቤት የተከመሩትን፣ ለዓመታት ማንም ያልነካቸውን ፋይሎች ለሚያውቅ ሰው፣ በየቀኑ «አለሁ» ብሎ የሚመሰክር መዝገብ ቤት የሚያስቀና ነው።

ሌሎችም አሉ። ስቶርጅ አንድን ሰነድ 80 ቁራጭ አድርጎ በልዩ ልዩ ኮምፒዩተሮች ይበትነዋል፤ ከ80ዎቹ ማንኛቸውም 29 ቁራጮች ከተገኙ ሰነዱ ሙሉ ሆኖ ይመለሳል። አርዊቭ ደግሞ በ2018 የጀመረ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ ክፈሉ፤ ሰነዱ ቢያንስ ለ200 ዓመት ይቀመጣል ይላል። ከላይ የጠቀስኩት የአፕል ዴይሊ ሥራ ከፊሉ የተረፈው አንባቢዎቹ ተረባርበው ወደ አርዊቭ ስለገለበጡት ነው። ይህ ሊካድ የማይገባው ውለታ ነው።

ሐሳቡ ለእኛ ባዕድ አይደለም

ቅጂን በብዙ እጅ መበተን አዲስ ጥበብ አይደለም። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ይዘቱ ለዓለም የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው። ያተረፈውም አንድ ታላቅ ቤተ መጻሕፍት ሳይሆን፣ በየገዳሙና በየደብሩ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው ሲገለብጡ የኖሩ ጸሐፍት ናቸው። አንዱ ደብር ሲቃጠል ሌላው ነበረ። በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራም ከዚሁ ጥበብ የሚመደብ ነው። ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ ብራናዎች ፎቶ ተነሥተው አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው አሜሪካ ሚኒሶታ ተቀምጧል። ከዚያ ወዲህ በአገሪቱ ላይ ያለፈውን አብዮትና ጦርነት ስናስብ፣ ያ ውሳኔ ምን ያህል አርቆ አሳቢ እንደነበረ ይገባናል።

ልብ በሉ፤ የጥንቱም ሥርዓት የቅጣት ድንጋጌ ነበረው። የብራና ባለቤቶች መጽሐፉን የሰረቀና የፋቀ የተወገዘ ይሁን ብለው በግዝት ይጽፉ ነበር። ፋይልኮይን በመያዣ ገንዘብ የሚያስጠብቀውን፣ አባቶቻችን በግዝት ያስጠብቁት ነበር ማለት ነው። ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም። የግዝት ዋጋ በገበያ አይወጣም፤ አይወርድም። ወደ ዋናው ነጥቤ የሚያደርሰኝም ይኸው ነው።

የሳንቲሙ ጣጣ

አንድ ፋይልኮይን በሚያዝያ 2021 ከ200 ዶላር በላይ ተሸጧል። በ2022 መጨረሻ ዋጋው ወደ 3 ዶላር ገደማ ወርዶ ነበር። እስቲ ራሳችሁን በአከማቺው ቦታ አድርጉ። ሃርድ ዲስክ የምትገዙት በዶላር ነው፤ የመብራትም የኪራይም ሒሳብ የሚከፈለው በእውነተኛ ገንዘብ ነው፤ ደመወዛችሁ ግን በሳንቲም ነው። ዋጋው ሲወድቅ ሥራውን ትታችሁ ለመሄድ የሚገፋፋችሁ ምክንያት ይበረታል። ታማኝነታችሁን የሚያስጠብቀው መያዣም እኮ በዚያው ሳንቲም የተያዘ ነው። ስለዚህ የመክዳት ፈተና በሚበረታበት በዚያው ሰዓት፣ የመክዳት ቅጣት ይረክሳል። ጣራው ዝናብ ሲጥል የሚነሣ ቤት እንደ መሥራት ነው። ይህ የአስተዳደር ጉድለት አይደለም፤ ከመሠረቱ ከንድፉ የመጣ ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ሳንቲሙ የሚጠራቸው ሰዎች ማንነት ነው። በዋጋው ግርግር ዘመን ወደ ፋይልኮይን የጎረፉት አከማቺዎች የመጡት ሰነድ ለመጠበቅ ሳይሆን አዲስ የሚመረተውን ሳንቲም ለመካፈል ነበር። ሳንቲሙ የሚከፋፈለው ባቀረቡት የማከማቻ መጠን በመሆኑ፣ ደንበኛ ባይኖርም ዲስኩን ትርጉም በሌለው ቁጥር ሞልቶ ማስመዝገብ ያዋጣ ነበር። በ2022 የተመዘገበው አቅም ከ15 ኤክሳባይት በላይ ደርሶ ሳለ፣ እውነተኛ ሰነድ የያዘው ጥቂቱ ብቻ ነበር። ይህን ለማረም እውነተኛ ሰነድ ላከማቸ 10 እጥፍ የሚያስገኝ ደንብ ወጣ። ደንቡ ደግሞ በተራው ሌላ ጥያቄ ወለደ፤ «እውነተኛ» የሚባለው ሰነድ የትኛው ነው? ይህንንስ ማን ይፈርዳል? ለፍርዱ ሰዎች መሾም ግድ ሆነ። ሰውን አናምንም፤ ሒሳብን እናምናለን ብሎ የተነሣው ሥርዓት፣ ዞሮ ዞሮ ወደ ሰው ፍርድ ተመለሰ። በዚህ አልሳለቅም። ይልቁንም ብዙ የሚያስተምር ነው። ሒሳብ ሰነዱ መኖሩን ይመሰክር ይሆናል፤ ሰነዱ ሊጠበቅ የሚገባው መሆኑን ግን ሊመሰክር አይችልም።

ስለ 200 ዓመቱ ቃልም አንድ ነገር ልበል። የአርዊቭ ስሌት የማከማቻ ዋጋ በየዓመቱ እየቀነሰ ይሄዳል በሚል ግምት ላይ የቆመ ነው። ለጥንቃቄ የወሰደው የቅናሽ መጠንም በዓመት 0.5 በመቶ ብቻ ነው። ይህ ግምት ምክንያታዊ ሊሆን ይችላል። ይሁንና አንባቢው የከፈለው ገንዘብ በአደራ የሚቀመጠው በራሱ በአርዊቭ ሳንቲም ነው። የዛሬ 200 ዓመት አገራችን በዘመነ መሳፍንት ውስጥ ነበረች። ከዚያ ወዲህ በማርያ ቴሬዛ ብር፣ በአሞሌ ጨው፣ በምኒልክ ብርና በወረቀት ገንዘብ ስንገበያይ የኖርን ሕዝብ ነን። ከእነዚህ መካከል እንደ ጀመረ የቀጠለ የትኛው ነው?

ማጥፋት የማይቻል ነገር ሁሉ መልካም ነውን?

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ጉዳይ አለ። በዩኒቨርሲቲ መምህርነቴ የሚያጋጥሙኝ የምርምር ሰነዶች የአየር ንብረት ሰንጠረዦች ብቻ አይደሉም። ከኅዳር 2020 እስከ ኅዳር 2022 በሰሜን የአገራችን ክፍል በተካሄደው ጦርነት የተጎዱ ሰዎች የሰጡት ቃል አለ። የተደፈሩ እናቶችና እኅቶች ቃል አለ። ይህን ምስክርነት የሚያጠፋው የታሪክና የፍትሕ ወንጀለኛ ነው። ይህን ምስክርነት ለማንም እንዲታይ አድርጎ መቼም ሊሰረዝ በማይችል ቦታ የሚያኖረውም ሌላ ወንጀል ይሠራል። «በምስጢር ቁልፍ ተቆልፎ ይቀመጣል» የሚል መልስ ይሰጠኛል። የዛሬ ቁልፍ ለዛሬ ነው፤ ከ30 ዓመት በኋላ የሚመጣ ኮምፒዩተር የማይከፍተው መሆኑን ማን ይዋሳል? ቁልፉ ቢሰበር ወይም ቢሰረቅ ሰነዱን ከገበያ መመለስ አይቻልም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ለዜጋው ስለ ራሱ የተያዘ መረጃ እንዲሰረዝለት የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። ሊሰረዝ የማይችል ማከማቻና ይህ መብት እንዴት አብረው ይኖራሉ?

ዘመኑን የሚመጥን ጥንቃቄ እንዴት እንደሚደረግ የሚያሳይ አብነት አለ። የሆሎኮስት ተራፊዎችን ከ50 ሺህ በላይ ቃለ ምልልሶች የያዘው የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሾዋ ፋውንዴሽንና የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት ስታርሊንግ ላብ፣ በ2022 በዩክሬኗ ካርኪቭ ትምህርት ቤቶች ላይ ስለ ደረሰው ድብደባ ያዘጋጀውን ማስረጃ ለዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ዐቃቤ ሕግ ሲያቀርብ ይህንኑ ቴክኖሎጂ ተጠቅሟል። ነገር ግን ሁሉን ነገር ለሳንቲሙ አልተወም። ቴክኖሎጂው ሰነዱ ከተመዘገበ በኋላ አለመነካቱን እንዲመሰክር ተደረገ፤ ኀላፊነቱን የተሸከሙት ግን ስም ያላቸው ተቋማት ናቸው።

እኛም የሰነድን ኀይል በራሳችን አይተናል። ደርግ የገዛ ትእዛዙን፣ ፊርማውንና ማኅተሙን በጥንቃቄ ፋይል አድርጎ ነበር። በ1992 የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ የሰበሰበው ወረቀት ነው በታኅሣሥ 2006 በኮሎኔል መንግሥቱና በባልደረቦቻቸው ላይ ለተሰጠው የጥፋተኝነት ፍርድ ምሰሶ የሆነው። የዛሬዎቹ ትእዛዞች በወረቀት አይሰጡም። በስልክ መልእክት ተሰጥተው በስልክ ይሰረዛሉ። የነገው ዐቃቤ ሕግ ምን ይዞ ይቆማል? የጽሑፌ ፍሬ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ወጣት ባልደረባዬ የነገረኝ

በዚህ ጉዳይ ከአንድ ወጣት የኮምፒዩተር ሳይንስ መምህር ጋር ደጋግመን ተከራክረናል። የተማሪዎቻችንን የመመረቂያ ጽሑፎች በሙሉ ወደ አርዊቭ እንድናስገባ ይፈልጋል። «ዶክተር፣ እርስዎ የሚያምኑት ተቋምን ነው» አለኝ። «ለመሆኑ ነገ ከበላይ ትእዛዝ ቢመጣ እንቢ የሚል የትኛው ዩኒቨርሲቲያችን ነው? ያንን ኔትወርክ ግን ማንም ደውሎ አጥፋ ሊለው አይችልም።»

ይህ መከራከሪያ ብርቱ ነው፤ በማሾፍ የሚታለፍም አይደለም። ተቋሞቻችን ነጻ ናቸው ብዬ አልከራከረውም። የመለስኩለት ሁለት ነገር ነበር። አንደኛ፣ ያ ኔትወርክ የሚደረስበት በኢንተርኔት ነው። በትግራይ ኢንተርኔት ለሁለት ዓመት ገደማ ተቋርጦ ሲቆይ፣ በአማራ ክልልም ከነሐሴ 2023 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ፣ በፍራንክፈርት ወይም በሲንጋፖር የተበተነ ቅጂ ለመቐለው ተማሪ ወይም ለባሕር ዳሩ ጠበቃ ምን ይፈይድለታል? ውስጥ ያለው ሰው ውስጥ ያለ ቅጂም ያስፈልገዋል። ሁለተኛ፣ ክፍያው በክሪፕቶከረንሲ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2022 ባወጣው መግለጫ በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ ነው ብሏል። በሕግ በተዳደረ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ የቤተ መጻሕፍት ኀላፊ በምን ደረሰኝ ሒሳቡን ያወራርዳል? እርሱም ይህን ሲሰማ ሣቀ፤ ክርክሩ ግን አልተቋጨም። እንዳይቋጭም እፈልጋለሁ።

ምን ይደረግ?

እንደ እኔ አስተያየት ከቴክኖሎጂው ውስጥ መውሰድ ያለብንን ወስደን የቀረውን ልንተወው ይገባል።

አንደኛ፣ አሻራውን እንውሰድ። ለእያንዳንዱ ሕዝባዊ ሰነድ የሒሳብ አሻራ ማውጣትና በጋዜጣም በድረ ገጽም ማሳተም ሳንቲም አይጠይቅም። የምርጫ ጣቢያ ውጤት፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የምክር ቤት ቃለ ጉባኤ አሻራው በይፋ ከታተመ፣ ከዚያ በኋላ የነካካው ሰው ይታወቃል።

ሁለተኛ፣ ብዙ ቅጂን እንውሰድ። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ1999 የጀመረውና ሎክስ የተባለው ሥርዓት የተመሠረተው ብዙ ቅጂ ሰነድን ያድናል በሚለው ቀላል መርሕ ላይ ነው። የተለያዩ ቤተ መጻሕፍት አንዱ የሌላውን መጽሔት ይይዛሉ፤ ኮምፒዩተሮቻቸውም እየተነጻጸሩ የተበላሸውን ቅጂ ከደኅናው ያርማሉ። በዚህ ውስጥ ሳንቲም የለም፤ ግምጃ ቤት የሚያህል መብራትም አይፈልግም። የጎንደር፣ የመቐለ፣ የጅማ፣ የሐዋሳና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች የእርስ በርሳቸውን የመመረቂያ ጽሑፍ ቢይዙ የሚከለክላቸው ምንድን ነው? ፖለቲካው ቢለያየን እንኳ፣ መቐለ የጎንደርን፣ ጎንደርም የመቐለን አደራ መጠበቁ ራሱ ትልቅ ትርጉም ይኖረዋል።

ሦስተኛ፣ አንድ ቅጂ ከአገር ውጭ ይሁን። የማይክሮፊልሙ ሥራ ያስተማረን ይህንን ነው። በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን በየማኅበራቸውና በሚያስተምሩባቸው ዩኒቨርሲቲዎች አማካይነት ሊይዙት ይችላሉ።

አራተኛ፣ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ፣ ሥልጣን ሊያጠፋቸው ለሚችል፣ የማንንም ገመና ለማይገልጡ ሕዝባዊ ጽሑፎች፣ በውጭ ያለ ሰው በራሱ ገንዘብ ተጨማሪ ቅጂ በአርዊቭ ወይም በፋይልኮይን ቢያስቀምጥ አልቃወምም። ተጨማሪ ቅጂ እንጂ ብቸኛ ቅጂ አይሁን። የተጎጂዎች ቃል ግን በሕግ የሚጠየቅ፣ ስምና አድራሻ ባለው ባለ አደራ እጅ ይሁን።

የክሪፕቶ ወገኖች አንድ ነገር በትክክል አይተዋል፤ ትውስታን ለአንድ ጌታ መስጠት አደገኛ ነው። ጌታውን በገበያ ሲተኩት ግን የአደራን ምንነት ሳቱ። አደራ ማለት ዋጋው ሲወድቅም የማይጣል ነገር ነው። ይህን ሳንቲም ሊሠራልን አይችልም፤ የመሥራቱ ግዴታ የእኛው ነው። ሰነዶቻችን ዛሬ በማን እጅ እንዳሉ፣ ስንት ቅጂ እንዳላቸው በየመሥሪያ ቤታችን መጠየቅ እንጀምር። ጥያቄው ወጪ የለውም።

ቸር ይግጠመን።